የዓመት መገባደጃና የዐሹራ ልማድ በሐረር

በእስልምና ሃይማኖት የዓመት መለወጫ እንደ ሁለቱ ዒዶች በሕግ የተደነገገ በዓል አይደለም። ዘመን የሚቈጠረው ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ ቢሆንም፥ ይህን አቈጣጠር የደነገጉት ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብን አል ኸጣብ ናቸው፤ ይኸውም ነቢዩ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ነው። ስለዚህ ነቢዩ በሕይወት ሳሉ በዚህ ቍጥር የተከበረ ዘመን መለወጫ አልነበረም።

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀኖች ስላሉት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። መጨረሻው አንድ ጊዜ በክረምት፥ ሌላ ጊዜ በበጋ እየዋለ፥ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሙሐረም መባቻና እንቍጣጣሽ በአንድ ቀን ውለው ነበር፤ ያን ጊዜ የገባው 1440ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ይህ ዘመን መለወጫ ከአዝመራም ከዝናምም ጋር ስለማይያያዝ፥ በመገባደጃው የሚመረመረው የሰውየው ሥራ ነው።

ምርመራው በዐረብኛ ሙሓሰባ ይባላል። ቃሉ «ሒሳብ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በግዕዝ «ሐሰበ»፥ በአማርኛ «አሰበ» የሚባለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ስለ ሆነ ማሰብና መተሳሰብ በእነዚህ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ857 በባግዳድ ያረፈው አል ሓሪስ አል ሙሓሲቢ ቅጽል ስሙን ያገኘው ነፍሱን አጥብቆ በመመርመሩ እንደ ሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው አል ገዛሊ ደግሞ አእምሮን በነጋዴ፥ ነፍስን በሸሪክ መስሎ አስተምሯል። ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር ሳይተሳሰብ ቢከርም ትርፉን ከኪሳራው አይለይም፤ ነፍስም ሳትጠየቅ ብትቈይ እንዲሁ ነው። ሐረርን በመሰለች የንግድ ከተማ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም።

ሙሓሰባ የሚያደርስበት ተውባ ነው። ሊቃውንቱ ለተውባ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም ኀጢአቱን መተው፥ መጸጸትና ዳግመኛ ላለመመለስ መቍረጥ ነው። በኀጢአቱ ውስጥ የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ ይጨመራል፤ የወሰዱትን መመለስ፥ የተበደሩትን መክፈል፥ ስሙን ያጠፉትን ሰው «አውፍ በለኝ» ብሎ መለመን ያስፈልጋል። ከአራቱ ከባዱ ይህ ነው፤ ሦስቱ በልብ የሚፈጸሙ ሲሆኑ አራተኛው የጎረቤትን ደጅ ያስጠናልና።

ከሙሐረም መባቻ በኋላ 10ኛው ቀን ዐሹራ ነው። ነቢዩ መዲና በገቡ ጊዜ አይሁድ፥ ሙሴ ከፈርዖን እጅ የዳነበት ቀን ነው ብለው ሲጾሙት አግኝተው እርሳቸውም እንደ ጾሙት በሐዲስ ተጽፏል። የረመዳን ጾም ከተደነገገ ወዲህ የዐሹራው በፈቃድ የሚጾም ሆነ፤ 9ኛውን ቀን የሚጨምሩበትም ብዙዎች ናቸው። ይህ ጾም ያለፈውን ዓመት ኀጢአት ያስተሰርያል ይባላል። ይሁን እንጂ እንደ አል ነወዊ ያሉ ሊቃውንት ሥርየቱን ለጥቃቅኑ ኀጢአት ብቻ ሰጥተውታል፤ የሰው ሐቅማ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በጾም አይሰረዝም። በሺዓዎች ዘንድ ቀኑ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ680 በከርበላ የተገደሉበት የኀዘን ቀን ነው። የሐረር ሙስሊሞች ግን የሻፊዒን መዝሀብ የሚከተሉ ሱኒዎች ስለ ሆኑ፥ በከተማዪቱ ዐሹራ ሌላ መልክ አለው።

በትውፊት እንደሚነገረው በጥንት ዘመን ድርቅና ረኃብ ጸንቶ፥ የራባቸው ጅቦች ሰው መንጠቅ ጀመሩ። የከተማዪቱ ወሊዮች በሐኪም ተራራ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ፥ ሕዝቡ በየዓመቱ ለጅቦች ገንፎ እንዲያቀርብ፥ ጅቦቹም ሰው እንዳይነኩ ስምምነት ሆነ ይባላል። ጅብ በሐረሪ ቋንቋ «ዋራባ» ሲሆን፥ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዓመት ባስገነባው በጀጎል ግንብ ላይ ለጅቦች መተላለፊያ የተተዉት ቀዳዳዎች በስሙ ይጠራሉ። በዐሹራ ሌሊት ቅቤ የበዛበት ገንፎ በወሊዮች መካን አጠገብ ይቀመጥላቸዋል። በትውፊቱ ውስጥ ጅቡ ቃል የተገባለት ባለ ሐቅ ነው፤ ዓመቱ ሲዞር ያልተከፈለው ከደጅ መጥቶ ይጠይቃል።

በየማታው ለጎብኚ የሚታየው ሥጋ ማብላት ከዚህ መለየት አለበት፤ እርሱ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተጀመረ ሌላ ነገር ነው።

የመንጋው አለቃ አስቀድሞ ይቀምሳል። ከገንፎው ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ቢያስተርፍ ዓመቱ የጥጋብ፥ ጨርሶ እንቢ ቢል ወይም ጠርጎ ቢበላው የችግር ይሆናል ተብሎ ይነበባል። በእስልምና ገድ ማየት የተነቀፈ ስለ ሆነ ልማዱን የማይወዱት አሉ፤ ነቀፌታቸውም መሠረት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ለተራበ እንስሳ ማብላት በሐዲስ ምንዳ ያለው ሥራ ነውና፥ ገንፎው ራሱና በገንፎው ላይ የሚደረገው ንባብ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።