ስለ ሥዕል ታሪክ መጻሕፍትና ስለ ደራሲዎቻቸው

ልጆቻቸውን በሃይማኖትና በትምህርት ለማሳደግ የሚደክሙ አባቶችና እናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጃችን ኮሚክስ የሚባለውን በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም፤ እንከልክለው ወይስ እንተወው?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ መልሱን ሳይሰሙ መጽሐፉን ከልጁ እጅ ነጥቀው በሣጥን ቈልፈውበታል፤ ሌሎቹም «ዝም ብሎ መቀመጡ ይበቃናል» ብለው ልጁ ምን እንደሚያነብ ገልጠው እንኳ አላዩም። ለእኛ ግን በአንድ ነገር ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ሠራውና ለሠሪውም ምን እንዳተረፈለት መመርመር የሚገባ ሆኖ ስለ ታየን ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን አቅርበናል። ዘመኑን ኹሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሪክን በሥዕል ተርታ መናገር ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ የተመለከተ ሰው የጌታችንን ልደት፥ ጥምቀትና ስቅለት፥ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል፥ የእመቤታችንንም ተአምር በየክፍሉ ተሥሎ አይቶአል፤ ፊደል ያልቈጠረውም ምእመን እንደ መጽሐፍ አንብቦታል። ከሥዕሉም ዘንድ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሕፈት ይገኛል፤ ምን እንደ ተደረገም ለተመልካቹ ይነግረዋል። የቀደሙት ሠዓልያን ጻድቁን በሙሉ ፊት ከኹለት ዐይኖቹ ጋር፥ ከሓዲውን ግን በጎኑ አዙረው በአንድ ዐይን ብቻ ይሥሉት ስለ ነበረ፥ ሕፃን እንኳ ቢሆን ማን ደግ ማን ክፉ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይለያል። በአዲስ አበባም ለአገር ጐብኚ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ከዘንዶው መገደል ጀምሮ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ እስከ መምጣቱ ድረስ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተሥሎ፥ ከእያንዳንዱም ሥር ቃሉ ተጽፎ ይታያል። አንድ አረጋዊ ደብተራ የኒውዮርክን ኮሚክ ቢያሳዩት «አሠራሩስ የእኛው ነው» ሳይል አይቀርም። ልዩነቱን ግን አንዘነጋም፤ የእኛው ለአምልኮና ለትምህርት የተሣለ ሲሆን፥ የእነርሱ በ10 ሣንቲም ተሽጦ፥ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ፥ ከዚያም የሚጣል ነበር።

ከእነዚህ የሥዕል ታሪኮች ኹሉ ስሙ በዓለም ላይ የታወቀው ሱፐርማን ነው። ይህን ሰው ያሰቡት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ፥ ኹለቱም በ1914 ዓ.ም. የተወለዱ፥ ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልጆች ናቸው። የተገናኙት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ሲገል ይጽፋል፥ ሹስተር ይሥላል። ዘመኑ ሥራ የጠፋበትና ድኽነት የበዛበት ስለ ነበረ ሹስተር ወረቀት ሲያጣ በዕቃ መጠቅለያ ላይ ይሥል እንደ ነበር ይነገራል። በ1932 ዓ.ም. የሲገል አባት ሱቃቸው በሌቦች በተዘረፈ ጊዜ ሞቱ። ልጁ ጥይት የማይበሳውን ሰው ያሰበው ከዚያ ሐዘን የተነሣ ነው የሚሉ አሉ፤ የልብን ነገር ግን ማን መርምሮ ያውቃል?

ኹለቱ ወጣቶች ሥራቸውን ይዘው ጋዜጣዎችን ለዓመታት ደጅ ጠኑ፤ የተቀበላቸው ግን አልነበረም። በመጨረሻም በመጋቢት 1938 አንድ የኒውዮርክ አሳታሚ ድርጅት 13 ገጽ የሚሆነውን የመጀመሪያውን ታሪክ፥ ለገጹ 10 ዶላር አድርጎ፥ በ130 ዶላር ገዛቸው። ከገንዘቡ ጋርም አንድ ወረቀት ቀረበላቸው፤ የሱፐርማን መብት ኹሉ ለዘላለም የአሳታሚው እንዲሆን የሚያደርግ ነበር፤ እነርሱም ፈረሙ። በ23 ዓመት ዕድሜ የሚገኝ፥ ብዙ ዓመት የተጠላ ሥራው ታትሞ ለማየት የሚጓጓ ሰው፥ ከወረቀቱ ይልቅ የሚታተመውን መጽሐፍ ማየቱ አያስደንቅም።

በዚያው ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሱፐርማን በሐሰት ሞት የተፈረደባትን ሴት ያድናል፥ ሚስቱን የሚደበድበውን ባል ይቀጣል፥ ጉቦኛውንም የፖለቲካ ሰው ያስጨንቃል። በእነዚያ ዓመታት የድኻ ጠበቃ ነበረ እንጂ ዛሬ በፊልም እንደምናየው ከሰማይ ከመጣ ጠላት ጋር ብቻ የሚዋጋ አልነበረም፤ እኛም የፊተኛውን እንወድደዋለን። ሕዝቡ መጽሐፉን ተሻማበት፤ በ1940 ዓ.ም. በራዲዮ መተረክ ጀመረ፤ ከዚያም በመጫወቻ፥ በልብስና በሲኒማ ተስፋፋ። ድርጅቱ ባለጸጋ ሆነ። ሲገልና ሹስተር ግን የገጽ ዋጋ የሚከፈላቸው ሠራተኞች እንደ ሆኑ ቀሩ።

በ1947 ዓ.ም. መብታቸውን ለማስመለስ ከሰሱ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 94 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀብለው ነገሩን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራቸውን ከማጣታቸው ሌላ ስማቸው ከመጽሐፉ ላይ ተፋቀ። የሹስተር ዐይን እየደከመ ሄደ፤ ለሠዓሊ ከዚህ የከፋ መከራ ምን አለ? ሲገልም በጸሓፊነት ተቀጥሮ በታይፕ መምታት ኑሮውን ይገፋ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ስለ ሱፐርማን ታላቅ ፊልም ሊሠራ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሲገል በደሉን ጽፎ ለጋዜጣዎች በተነ፤ ጄሪ ሮቢንሰንና ኒል አዳምስ የተባሉ ሠዓልያንም «የሙያ አባቶቻችን ተዋርደው አንቀመጥም» በማለት ዐይነት ከአጠገባቸው ቆሙ። ድርጅቱም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20 ሺህ ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። ሹስተር በ1992፥ ሲገል በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ የ130 ዶላር ክፍያ የተጻፈበት ቼክ በ2012 ዓ.ም. በጨረታ 160 ሺህ ዶላር አወጣ፤ ከመጀመሪያው መጽሐፍም አንዱ ቅጂ በ2024 ዓ.ም. በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

«ፈርመዋልና ሕጉ ሕግ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ፊርማ ፊርማ ነው። ነገር ግን ሙያተኛን በችግሩ ጊዜ በጥቂት ገንዘብ ይዞ፥ ስሙን እንኳ መፋቅ ከሕግ አልፎ ወደ ኅሊና የሚደርስ ጉዳይ ነው። በብራና ላይ ወራት የደከመ ጸሓፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ፥ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው መለመኑን ኹላችን እናውቃለን። መጽሐፉ ስንት እጅ ቢዘዋወር፥ ስንት ጊዜ ቢሸጥ፥ ያን ስም ይፋቅ የሚል ገዢ ደግ ሰው አይባልም።

እንዲህ ያለው ነገር በእነዚህ በኹለቱ ብቻ አልቀረም። በ1939 ዓ.ም. የወጣው ባትማን የቦብ ኬን ድርሰት ተብሎ ለዘመናት ሲጠራ ኖረ። ካባውንና ጭምብሉን ያሰበለት፥ የመጀመሪያዎቹንም ታሪኮች የጻፈለት ግን ቢል ፊንገር የተባለ ሰው ነበረ። ፊንገር በ1974 ዓ.ም. ስሙ ሳይጠራ ሞተ። ኬን ራሱ በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የባልንጀራውን ድርሻ መስክሮአል፤ የፊንገር ስም በድርጅቱ ፈቃድ ከባትማን ጋር መጻፍ የጀመረው ግን በ2015 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። የአሜሪካ ወላጆችም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፤ መልሳቸው ግን እሳት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ቢንግሃምተንን በመሰሉ ከተሞች ልጆች መጻሕፍቱን ሰብስበው በአደባባይ እንዲያቃጥሉ ተደረገ። በ1954 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በኒውዮርክ በጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ክሊኒክ ከፍቶ ድኾችን በጥቂት ሣንቲም ያከም ነበር። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጉዳዩ በአሜሪካ ምክር ቤት ሸንጎ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ አንድ ሰው በአንድ እጁ መጥረቢያ፥ በሌላው የተቈረጠ የሴት ራስ ይዞ የተሣለበት መጽሐፍ ታይቶአል። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ይህ ሥዕል ነውር እንደሌለበት ተከራከረ። እንዲህ ያለውን ሥዕል በቤቱ የሚፈቅድ ክርስቲያን አባት አናውቅም።

አሳታሚዎቹም መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው ራሳቸው ደንብ አወጡ። ወላጅ እንዲከበር፥ ክፉ በመጨረሻ እንዲሸነፍ፥ የማንም ሃይማኖትና ዘር እንዳይዘለፍ የሚያዝዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ያማረ ነው። አፈጻጸሙ ግን እንዴት እንደ ነበረ አንድ ነገር እንጥቀስ። ያው ጌይንስ «የፍርድ ቀን» የሚል ትርጕም ያለው፥ አል ፌልድስታይን ደርሶት ጆ ኦርላንዶ የሣለው ታሪክ ነበረው። ከምድር የተላከ አንድ መርማሪ ብረታ ብረት ሰዎች ወደሚኖሩበት ዓለም ይሄዳል፤ በዚያም ብርቱካንማዎቹ ሰማያዊዎቹን በቀለማቸው ብቻ ሲያዋርዱአቸው አይቶ፥ ከሌሎች ዓለማት ኅብረት ለመግባት ገና እንዳልበቁ ይነግራቸዋል። በመጨረሻው ሥዕል መርማሪው የራስ ቍሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይታያል። ጌይንስ ይህን ታሪክ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሊያትመው ባቀረበ ጊዜ የደንቡ ሹም ሰውየው ጥቁር መሆኑ እንዲለወጥ ጠየቀ። የታሪኩ ፍሬ ነገር ግን ያ መልክ ነበር! ጌይንስ እንቢ ብሎ እንደ ነበረ አተመው፤ ከዚያም ከኮሚክ መጻሕፍት ሥራ ወጣ። በመጥረቢያው ሥዕል የወቀስነውን ሰው በዚህ እናመሰግነዋለን። የሐኪሙም የግል ወረቀቶች ከተከፈቱ በኋላ ካሮል ቲሊ የተባሉ ምሁር በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ወርታም የታካሚዎቹን ቃል እየቀነሰና እየቀላቀለ ለክሱ እንዲመች ማድረጉን አሳዩ። ደንቡም የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ሲተዉት በ2011 ዓ.ም. ቀረ።

ስለ ጥቁር ጀግና ካነሣን፥ በ1966 ዓ.ም. ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ዋካንዳ በሚባል፥ በሐሳብ በተፈጠረ የአፍሪቃ መንግሥት ላይ የሚነግሠውን ብላክ ፓንተርን አወጡ፤ በ2018 ዓ.ም. በፊልም ሲሠራም በአፍሪቃ ሕዝብ ዘንድ ብዙ ደስታ ሆነ። በዚያው በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ጀግናው ኢትዮጵያዊ ወጣት የሆነ «ጀምበር» የተባለ የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። ከባዕድ አገር የመጣውን ብቻ ሲያገላብጥ ለኖረ ልጅ፥ ጀግናው በራሱ ፊደል ሲናገር ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በዕድሜ ከፍ ላሉትም ቍም ነገር ያለበት አይታጣም። አርት ስፒገልማን አባቱ በናዚዎች እጅ ያዩትን መከራ አይሁድን በአይጥ፥ ናዚዎችን በድመት መስሎ ያቀረበበት «ማውስ» የተባለው መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ልዩ ሽልማት አግኝቶአል። ለሕፃን ግን አንሰጠውም፤ ከባድ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉ በልጁ እጅ ሲገኝ ቈልፎ ከማስቀመጥ ይልቅ፥ አባት ወይም እናት አንድ ጊዜ አብረው ተቀምጠው ቢያነቡት ይሻላል። ደም ብቻ የሞላበት፥ ሰውን በመልኩ የሚያዋርድ፥ ሴትን ያለ ክብር የሚያሳይ ሲሆን ምክንያቱን ነግሮ መከልከል የወላጅ ሥልጣን ነው። ሌላውን ግን ልጁ ራሱ እንዲተርክላቸው ይጠይቁት፤ ማንበብ የሚከብደው ልጅ እንኳ ሥዕሉን ተከትሎ ቃሉን ሲያገኘው በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ አይተናል። ከዚያም ማን እንደ ጻፈው፥ ማንስ እንደ ሣለው ፈልጎ እንዲያነብላቸው ይዘዙት። ስሙ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ገጾች በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ መጽሐፉ የሱፐርማን የሆነ እንደ ሆነም ከዚያ ከ1975ቱ ስምምነት ወዲህ የሲገልና የሹስተር ስም በዚያ ይገኛል።