የግቢው ኤሊ ምን ይብላ?

ሰፋ ያሉ ነባር ግቢዎች ባሉባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ኤሊ ብርቅ አይደለም። አያት ከቆላ ያመጣው፣ ልጆች እየተፈራረቁ ያሳደጉት፣ አንዳንዴም ቤቱ ሲሸጥ ከነግቢው የሚተላለፍ ነባር ነዋሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር የተረጨበት፣ የነብር ኤሊ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከእኛ አገር አንስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሣር ምድር ይገኛል። ሲጠነክር ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከ50 ዓመት በላይም ይኖራል። (ያለ ፈቃድ ከዱር ይዞ ማምጣት ክልክል ነው፤ የማወራው ቀድሞውኑ ግቢ ውስጥ ስላለው ነው።)

ለዚህ ነዋሪ የሚቀርበው ማዕድ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ ቤት የተረፈውን እንጀራ፣ ዳቦና መኮሮኒ ይደፋለታል። ሌላው አንጀቱ እየራራ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሙዝ ይገዛለታል። የመጀመሪያው ኤሊውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ኤሊውንም ኪስንም። ለኤሊ የሚስማማው ምግብ አብዛኛው ሳይገዛ የሚገኝ ነው። እኛ ግን አረም ነው ብለን ነቅለን እንጥለዋለን።

ነገሩ የሆድ ጉዳይ ነው። ኤሊ ጥርስ የለውም፤ ሣሩን በስለታም አፉ እየቆረጠ ይውጣል። ያልተላመጠውን ሣር የሚያብላሉለት በትልቁ አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሥራቸው አዝጋሚ ነው፤ የበላው እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የለመዱት አሰር የበዛበትን ቅጠላ ቅጠል ነው። ስኳርና ስታርች ሲበዛባቸው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋልም።

ሌላው ሙቀት ነው። ኤሊ ከውጭ ሙቀት ካላገኘ ሆዱም አብሮት ይደነዝዛል። የአዲስ አበባን ሌሊት ያደረ ኤሊ ፊት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ምግብ መደርደር ትርፉ ማጠውለግ ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ይሙቅ፤ ወደ 4 ሰዓት ገደማ አንገቱን አውጥቶ መንጎራደድ ሲጀምር ይቅረብለት። ያቺው ፀሐይ ቆዳው ላይ ቫይታሚን ዲ ታዘጋጅለታለች፤ ያለ እሷ የበላው ካልሲየም ለአጥንቱና ለቅርፊቱ አይውልም። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባው አትቆጠርም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ግቢው ሰርዶ ካለው ግማሹ ሥራ አልቋል። ኤሊው ራሱ እየተዘዋወረ ይግጠው። ከሰርዶው ጋር አጥር ሥር የሚበቅለው ጎርጠብ፣ ያ ቅጠሉ ረዘም ብሎ ጅማቶቹ ቁልቁል የተሰመሩበት፣ ከምግቦቹ ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት ነው። የሂቢስከስ ቅጠልና አበባ፣ የጽጌረዳ አበባ፣ የዱባ ሐረግ፣ የስኳር ድንች ቅጠል ሁሉ ይስማሙታል። ጉሊት ከተኬደም የሚያዋጣው ጎመን ነው፤ ሻጮቹ የሚገነጥሉትን የውጭ ቅጠል ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ። ካልሲየም አለው፣ ግን የዘወትር ምግብ አይሁን። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ስለሚይዝበት ከስንት አንዴ ይበቃል። ሰላጣ ውሃ ነው፤ አይጠቅምም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው በለስ ነው፤ ፍሬው ሳይሆን ያ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ ቅጠሉ። ውሃ አለው፣ አሰር አለው፣ ካልሲየም አለው፤ ዝናብ በጠፋበት ወር ሣሩ ሲነጣ እሱ አረንጓዴ ነው። አተካከሉ ቀላል ነው። አንዱ ቅጠል ይቆረጥና የተቆረጠው አፉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብሮ መተው ነው። ሥር እስኪሰድ ውሃ አይብዛበት፣ ይበሰብሳል። ለኤሊው ሲቀርብ ትልልቁ እሾህ በቢላ ይፋቃል፤ ዓይን የማያየው ደቃቁ ደግሞ በእሳት ነበልባል ላይ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ ይለበለባል። ጓንት የማያደርግ ሰው ማታ ጣቱን ሲያክ ያድራል።

እዚህ ላይ አደገኛ መምታታት አለ። አጥር የሚሆኑት ቁልቋልና ቅንጭብ በለስ አይደሉም። ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈስሳሉ፤ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል፣ ሆድ ውስጥ ሲገባም ይመርዛል። በለስ ወተት የለውም፤ ይኸው ነው መለያው። ከአጥር ተክሎች የወፍ ቆሎና ጉሎ፣ ከሜዳ አረም ደግሞ አጤ ፋሪስ መርዝ ናቸውና ኤሊው ከሚደርስበት ይራቁ። ፌስታልም ተክል ባይሆን ከዚሁ ይመደባል። ኤሊ ደማቅ ቀለም ይስበዋል፤ ቀይና ቢጫ ፌስታል አበባ መስሎት ሲውጥ አንጀቱ ይዘጋል።

ካልሲየም መግዛት አያስፈልግም። የእንቁላል ቅርፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ተወቅጦ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ምግቡ ላይ ብን ይደረግበታል፤ ለጫጩት ኤሊና እንቁላል ለያዘች እናት ደግሞ ደጋገም ይበል። በዱር የነብር ኤሊ ለዚሁ ሲል አጥንት ሲግጥ፣ አጥንት ከመብላቱ የተነሣ የነጣ የጅብ ዓይነምድር ሲበላ ታይቷል።

በበጋ የሣር ድርቆሽ አለ። ትልቁ ኤሊ እንዳለ ይበላዋል፤ ለትንሹ ተከትክቶ፣ በውሃ ርሶ፣ ከትኩስ ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። ሻጋታ የሸተተው ይጣል። በነገራችን ላይ አሜሪካ ጤፍ የሚዘራው ለእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ፍሬ ሳይዝ አጭደው በድርቆሽነት ለፈረስ ይሸጡታል፣ ኤሊ አሳዳጊዎችም ይገዙታል። እዚያ ላለ ወገን የኤሊው ምግብ ከአገሩ ዘር ነው ማለት ነው።

የሴንት ሄሌናውን ጆናታን ሙዝ ሲጎርስ በፎቶ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ላያምን ይችላል። ጆናታን በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ የሚገመት ግዙፍ የሲሸልስ ኤሊ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል፣ ማሽተትም ስለተሳነው ሣሩን በወጉ አያገኝም ነበር፤ የአፉ ጠርዝ ዶልዱሞ መሬት መቧጨር ጀምሮ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ ፍራፍሬና አትክልት በእጁ ማጉረስ ሲጀምር አፉ እንደገና ተሳለ። እሱ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ዓይኑ ለሚያየው፣ ሰርዶ ላይ ለሚውለው ኤሊ ሙዝ ከረሜላ ነው።

ውሃ በዝርግ ሳህን ሁልጊዜ ይኑር፤ ገብቶበት አፉን ነክሮ እንዲጠጣ ጥልቀቱ ከአገጩ አይለፍ። ኤሊ ውሃ ፊኛው ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሲደነግጥም ይለቀዋል። ስለዚህ በበጋ ድንገት ብድግ አድርጎ ማንሳት ያጠራቀመውን ማስደፋት ነው፤ ማንሳት ግድ ከሆነ ካስቀመጡት በኋላ ሳህኑን ያቅርቡለት።