ራስን መግዛት

«መግዛት» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው፤ በዋጋ ማግኘትና በሥልጣን ማስተዳደር። ራሱን የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ያደርጋል፤ ዋጋ ከፍሎ በራሱ ላይ ጌታ ይሆናል። በአገራችን ይህ ዋጋ ከጥንት ጀምሮ ከሚከፈልባቸው መንገዶች አንዱ ጾም ነው።

ረቡዕና ዓርብን እንደ ሥርዓቱ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ረኃብ ገና በ4 ሰዓት ይጮኻል (የምግብ ቤታችን ሽታ ሲጨመርበትማ አይጣል ነው!)፤ ጿሚው ግን አይታዘዝለትም። ጥቂት ቆይቶ ረኃቡ ራሱ ዝም ይላል። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ፍላጎት ሁሉ ትእዛዝ አለመሆኑን አስቀድሞ በሆዱ ይማራል። ረመዳንን የሚጾሙ ጓደኞቻችንም ይህን ያውቁታል። እንዲህ የለመደ ሰው በክርክር መካከል ቁጣ ሲነሣበት ያንኑ ማድረግ ይችላል፤ ጥቂት ይቆያል፥ ቁጣውም ያልፋል። ሐሜት ግን ከረኃብ ይልቅ የከበደ ነው።

ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ የሚጠራው ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ። እኛ ተመርቀን ሰው ለማዘዝ የምንቸኩለው ግን ቁርስ ሲዘገይብን እንኳ እንቆጣለን። መጀመር ለሚወድ ዓርብ ቅርብ ነው፤ ለጀማሪ እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል።