ቦርዶ፦ ብዙ ወይን በአንድ ጠርሙስ

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የወደብ ከተማ ነው። በዙሪያው የተዘረጋው የወይን አገርም በዚሁ ስም ይጠራል። የጋሮንና የዶርዶኝ ወንዞች ከከተማው በስተሰሜን ይገናኙና ዢሮንድ የተባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ፈጥረው ወደ ውቅያኖሱ ይገባሉ። ሰፊው የወይን መሬት ያለው በእነዚህ ውኆች ዳርና ዳር፣ እንዲሁም በመካከላቸው ነው። ከዚያ የሚወጣው ወይን ጠጅ አብዛኛው ቀይ ነው።

ውቅያኖሱ ለቦርዶ በረከትም ስጋትም ነው። የብርዱን ወራት ያለዝባል፣ የበጋውንም ሙቀት ያበርዳል። በስተምዕራብ ያለው የላንድ የጥድ ደን ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣውን ነፋስ ይመክታል። ዝናቡ ግን ጊዜ አይመርጥም። ወይኑ ሲያብብ ከዘነበ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ በመስከረም፣ በለቀማው ዋዜማ ከዘነበ ፍሬው ውኃ ይሞላና ጣዕሙ ይሳሳል፣ አልፎም ይበሰብሳል። የሚያዝያ ውርጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደሆነው፣ ለጋውን ቡቃያ በጥቂት ሌሊቶች አቃጥሎ የዓመቱን ምርት ክፉኛ ሊቀንስ ይችላል።

የቦርዶ ወይን ጠጅ ጠባይ የተቀረጸው በዚህ ስጋት ነው። በሌላው የፈረንሳይ ክፍል፣ ለምሳሌ በቡርጎኝ፣ ቀዩ ወይን ጠጅ በአብዛኛው ፒኖ ኑዋር ከተባለ አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ይሠራል። ቦርዶ ግን ልዩ ልዩ ዝርያዎችን የሚቀይጥ አገር ነው። ሜርሎ የተባለው ዝርያ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፤ ስለዚህ ውርጭ ቢያገኘውም ከመከር ዝናብ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ካቤርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ስለሚነሣ ውርጩን ያልፋል፣ ለመብሰል ግን ረጅምና ደረቅ መከር ይሻል። አንዱ ሲከዳ ሌላው ይቆማል። በጣዕምም ይሟላሉ፦ ሜርሎ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞን ቆዳው ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ በመሆኑ አፍን የሚያደርቀው ታኒን ይበዛበታል፣ ለዓመታት የመቆየት አቅምም ይሰጣል። ካቤርኔ ፍራንክ መዓዛ ይጨምራል። ፔቲ ቬርዶና ማልቤክ በጥቂቱ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዘረመል ጥናት ካቤርኔ ሶቪኞን ከካቤርኔ ፍራንክና ነጭ ከሆነው ሶቪኞን ብላን እንደተወለደ አረጋግጧል፤ ሜርሎም የካቤርኔ ፍራንክ ልጅ ነው። እነዚህ ዝርያዎች ዛሬ ዓለምን አዳርሰዋል። ካስቴል የተባለው የቦርዶ ኩባንያ ሜርሎንና ካቤርኔ ሶቪኞንን በዝዋይ ተክሎ፣ ወይን ጠጃቸውን እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ለገበያ አቀረበ።

የትኛው ዝርያ የት እንደሚተከል የሚወስነው አፈሩ ነው። ከዢሮንድና ከጋሮን በስተግራ ባለው ዳርቻ፣ በተለይ በሜዶክ፣ ወንዞች በጥንት ዘመን ያወረዱት ጠጠር ተከምሯል። ጠጠሩ ውኃ አይዝም፤ የቀኑን ፀሐይ ግን፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንደማይቀዘቅዝ ምጣድ፣ ለሌሊቱ ያቆያል። ለመብሰል ለሚዘገየው ካቤርኔ ሶቪኞን ይህ ሕይወቱ ነው። ማርጎ፣ ሳን ዡልየን፣ ፖያክና ሳንቴስቴፍ የተባሉት ስመ ጥር ቀበሌዎች ያሉት እዚህ ነው። አካባቢው ቀድሞ ረግረግ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቆፍረው አጠነፈፉት። በቀኙ ዳርቻ፣ በሳንቴሚሊዮንና በፖምሮል፣ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። ቀዝቀዝ ያለው ሸክላ ለሜርሎ ይስማማል፤ የፖምሮሉ እርሻ ፔትሩስ ዝናውን ያገኘው ከሞላ ጎደል በሜርሎ ብቻ ነው።

በለቀማ ጊዜ እያንዳንዱ ዝርያ፣ በደኅና እርሻማ እያንዳንዱ ማሳ፣ ለብቻው ይጠመቃል። ቀለሙና ታኒኑ የሚገኘው ጭማቂው ከነቆዳው ሲፈላ ነው። ቅየጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠማቂዎቹ ከየጋኑ እየቀመሱ መጠኑን ይወስናሉ፤ የቤቱ ክብር የሚለካው በዚህ ውሳኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምርጡ ወይን ጠጅ 225 ሊትር በሚይዝ የባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል።

ከቦርዶ ወይኖች ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ነጭ ነው። ሶተርን በተባለው አካባቢ ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ሲገናኝ በመከር ጠዋት ጉም ይነሣል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ ይወጣል። በዚህ እርጥበት ቦትሪቲስ የተባለው ሻጋታ ሴሚዮን በተባለው ነጭ ወይን ፍሬዎች ላይ ይበቅላል። ሌላ ቦታ ሰብል የሚያጠፋው ይህ ሻጋታ እዚህ የፍሬውን ቆዳ ይበሳል፤ ውኃው ይተንና ስኳሩ፣ ኮምጣጣነቱና መዓዛው ተጠራቅሞ ይቀራል። ሻጋታው ሁሉንም ፍሬ በአንድ ጊዜ ስለማይዝ ለቃሚዎች ለሳምንታት እየተመላለሱ የደረሰውን ብቻ ይመርጣሉ። በታዋቂው እርሻ በሻቶ ዲኬም ከአንድ የወይን ግንድ የሚገኘው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። ዋጋው የተወደደው በዚህ ልፋት ነው።

የቦርዶን ወይን ዓለም ያወቀው በወደቡ ነው። ቦርዶ የሚገኝበት የአኪቴን ግዛት ባለርስት ኤሌኖር እ.ኤ.አ. በ1152 በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን ሄንሪን በማግባቷ፣ ቦርዶ እስከ 1453 ድረስ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተሳስሮ ኖረ፤ መርከቦችም ወይን ጠጅ እየጫኑ ተመላለሱ። እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ የዓለም ትርኢት የቦርዶ ደላሎች ታላላቆቹን እርሻዎች በዋጋቸውና በዝናቸው አምስት ደረጃ አወጡላቸው። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦብሪዮን አንደኛ ሆኑ፤ ሙቶን ሮትሺልድ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ አንደኛው ደረጃ ከፍ አለ። ዝርዝሩ ቀኙን ዳርቻ ጨርሶ አላካተተም፤ ይህ ጉድለት ለፖምሮልና ለሳንቴሚሊዮን የማይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ መቅሠፍት ተደራረበ። ከአሜሪካ የመጣው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የወይኑን ሥር በላ፤ መፍትሔ የተገኘው የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማጣበቅ ነው። ሻጋታም ተከተለ። የቦርዶው ሳይንቲስት ሚያርዴ በመንገድ ዳር ያሉ ወይኖች ከበሽታው እንደተረፉ አስተዋለ፤ ገበሬዎቹ አላፊ አግዳሚው እንዳይሰርቃቸው መዳብና ኖራ ይረጩባቸው ነበር። ከዚህ የተገኘው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ውሕድ በከተማው ስም ይጠራል፤ ዛሬም ገበሬዎች ይጠቀሙበታል።

አሁን የሚያሳስበው ሙቀት ነው። ሜርሎ ከበፊቱ ፈጥኖ እየበሰለ ስኳሩ፣ በዚያም አልኮሉ እየበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች ለሙከራ ተፈቀዱ፤ ከእነዚህም ቱሪጋ ናሲዮናል የፖርቱጋል ወይን ሲሆን ማርሴላን ደግሞ ካቤርኔ ሶቪኞንን ከግሬናሽ በማዳቀል የተገኘ ነው። ከአንድ እርሻ መሬት 5 በመቶ፣ ከአንድ ቅይጥ ደግሞ 10 በመቶ እንዳይበልጡ ተወስኗል።