«ሳይነሴ ተነሳብኝ»

በአዲስ አበባው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በበጋ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል። አስፋልትም ኮብልስቶንም ባልደረሰበት መንገድ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ሲያልፍ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን በነጠላ፣ በሻርፕ፣ በክርኑ ይሸፍናል። ጎረቤቴ ሰባት ስምንት ጊዜ አከታትላ ታስነጥስና ዓይኗን እያሸች «ሳይነሴ ተነሳብኝ» ትላለች።

ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሳይነስ አይደለም። ሳይነስ ሲቆጣ ፊት ይከብዳል፣ ያማል፣ ወፍራም ፈሳሽ ይወርዳል። የዓይንና የአፍንጫ ማሳከክ፣ የማያባራ ማስነጠስና እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ይበልጥ የአፍንጫ አለርጂ ምልክቶች ናቸው። ለዚህ የባክቴሪያ መድኃኒቱን አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ አንዳች አይፈይድም።

አለርጂ የሚነሳው ሰውነት የአበባ ብናኝን፣ ሻጋታን ወይም በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ የምትኖር በዓይን የማትታይ ተባይ ኩስን እንደ ጠላት ሲቆጥር ነው። መስከረም ላይ ብዙዎች አደይ አበባን ይወቅሳሉ። የአደይ ብናኝ ግን በዋናነት በንብና በሌሎች ነፍሳት ላይ ተጣብቆ የሚሄድ ነው። ነፋስ የሚበትነው በአጥር ሥር ማንም ልብ የማይለውን የሣር አበባ ነው።

ታዲያ አቧራው ምን አደረገ? የመንገድ አፈር ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አያመጣም። የአፍንጫን ስስ ሽፋን ያደርቃል፣ ያስቆጣል፤ ሻጋታና የአበባ ብናኝም ተሸክሞ ይገባል። አንዴ የተቆጣ አፍንጫ ደግሞ ቀድሞ ምንም በማያደርገው ጥቂት ብናኝ ይነሳል።

የከፋው ግን ደቃቁ ብናኝ ነው፤ ከናፍጣ፣ ከከሰል፣ ከማገዶና ከሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው። የሰው ፀጉር ከሃያ እጥፍ በላይ ይወፍረዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አለርጂ ባለባቸው ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ የሚያስነጥሳቸውን ነገር ከናፍጣ ጥቀርሻ ጋር ጨመሩ። ሰውነታቸው ለአለርጂ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል፣ ያለ ጥቀርሻው ከታየው በብዙ እጥፍ በለጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ወሰን በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው። አዲስ አበባ ይህን ካለፈች ቆይታለች።

በተለይ ኅዳር 12ን እፈራታለሁ። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወረርሽኝ መታሰቢያ ሆና ቆሻሻ የሚጸዳባትና የሚቃጠልባት ቀን ናት። በዚያ ወቅት አፈሩ ደርቋል፣ ማለዳው ይበርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ ጭሱ ከብሎኮቹ መሀል አይነሳም። ፌስታልና ጎማ ሲጨመርበት ሕፃናት ያድራሉ ሲያስሉ። ጽዳቱን ይዘን እሳቱን ብንተው ምን አለበት?

እስከዚያው ራስን ለመጠበቅ፣ ነጠላ ሻካራውን አቧራ ያስቀራል፤ ደቃቁን የሚይዘው ፊት ላይ በደንብ የገጠመ ኤን-95 ማስክ ነው። ደጁ ውሃ ተርከፍክፎበት ይጠረግ። ማታ አፍንጫን ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ ማጠብ ይረዳል። ሴትሪዚን ማሳከኩንና ማስነጠሱን ያስታግሳል፤ ለታፈነ አፍንጫ የሚሻለው ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ እስፕሬይ ነው፤ እሱም ይበልጥ የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ቶሎ የሚከፍተውን ጠብታ ግን ከአምስት ቀን በላይ ማዘውተር መልሶ ያፍናል። ሌሊት ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ጉዳዩ ከአፍንጫ አልፎ አስም ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።