ከልደታ ጓሮ እስከ አቃቂ እቶን

ማለዳ ልደታ፣ ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር። «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ሲሰማ አንዲት እናት የዛገ ቆርቆሮና እጀታው የወለቀ ድስት ይዘው ወጡ። ቆራሌው ልጅ ድስቱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አየና ለብቻው ጆንያ ውስጥ ከተተው፤ ቆርቆሮውን ግን ረግጦ አጣጠፈና ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለው። ከላይ ባቡሩ ሰው ጭኖ አለፈ።

ለአገራችን ብረት አቅላጮች ትልቁ ማዕድን ማውጫ ይኸው ጓሮ ነው።

ሌላ አገር እቶንን የመገበው ሐዲድ ነበር። ወደ ኮንጎዋ ካታንጋ እንመልከት። ባቡር ኤሊዛቤትቪል፣ የዛሬዋ ሉቡምባሺ፣ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በዓመቱ የመዳብ እቶኑ ነደደ። መዳቡ እዚያው አጠገብ ቢኖርም እቶኑ የድንጋይ ከሰል ይፈልግ ነበር፤ ከሰሉ ደግሞ በዛሬዋ ዚምባብዌ ከምትገኘው ዋንኪ በባቡር ይመጣ ነበር። ያን ክምር በሰው ጀርባ ማን ይዘልቀዋል?

የኛ ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው። ቀጥቃጩ አፈሩን ቆፍሮ፣ ከሰሉን አክስሎ፣ በጭቃ ምድጃ በወናፍ እያናፋ ያቀልጥ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረውለታል። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ለዚያ ምድጃ ማዕድን አላመጣለትም፤ ያመጣው ተሠርቶ ያለቀ ብረትና ቆርቆሮ ነው። ክብሩን ዐዋጅ ቢጠብቅለትም ገበያውን ሐዲዱ ወሰደበት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊምቢ አጠገብ የብረት ማዕድን እንዳለ ይታወቃል። ወደዚያ የሚሄድ አንድም ሐዲድ የለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ፊቱ ወደ ወደብ ነው።

ስለዚህ የአገራችን አቅላጮች የኤሌክትሪክ እቶኖች ውዳቂ ብረት ይበላሉ። የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲተካ ከጣሪያቸው የወረደው ቆርቆሮም ለአቅላጭ የሚሆን ነበር፤ ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ወደ ሌላ ሕንፃ ይመለሳል። ውዳቂውን ከየከተማው ሰብስቦ በባቡር መጫን ዛሬም አልረፈደም ባይ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የልጁ ጆንያ አይሱዙ ላይ ወጣ። መኪናው በሜክሲኮ፣ በጎተራ፣ በሳሪስ፣ በቃሊቲ አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ የዱሮው ባቡር ዘጠና ዓመት ገደማ እያፏጨ ባለፈባት አቃቂ።