ንጹሕ የሚመስል ሥጋ ለምን ይወረሳል?

የጤና ተቆጣጣሪዎች ሥጋ ቤት ገብተው የተሰቀለውን ሥጋ አውርደው ሲወስዱ ያየ ሰው ይገረማል። ሥጋው ቀይ ነው፤ አይሸትም፤ ጮማውም ያስጎመጃል። «ታዲያ ምን ተገኘበት?» ቢባል አንዱ የተለመደ መልስ «የቄራ ማህተም የለውም» የሚል ነው። ለብዙዎች ይህ የወረቀት ጣጣ ይመስላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ የከብቱን በሽታ የሚያጋልጡት ብልቶች ሥጋው ሥጋ ቤት ሲደርስ አብረውት የሉም።

ቄራ ውስጥ ምርመራው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከብቱ በቁሙ ይታያል፤ አካሄዱ፣ አተነፋፈሱ፣ ትኩሳቱ። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት አይታረድም፤ ሞቶ ቢገኝም አይበለትም። ጀርሙ አየር ሲያገኝ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ጠንካራ ቅርጽ ስለሚይዝ፣ አራጁንም ግቢውንም ይበክላል።

ሁለተኛው ምርመራ ከእርድ በኋላ ነው። ባለሙያው የጉንጩን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ የወርቹን ሥጋና ድያፍራሙን በቢላ እየሰነጠቀ የኮሶ ትል እጭ ይፈልጋል። እጩ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች ነጣ ያለች ከረጢት ናት። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ሊፈራት የሚገባው እሷን ነው፤ በቁርጥ ወይም ባልበሰለ ክትፎ ገብታ አንጀት ውስጥ ሜትሮች የሚረዝም ትል ትሆናለች። ሳንባውና ዕጢዎቹ ለቲቢ፣ ጉበቱ ለጉበት ትል ይታያሉ።

ውሳኔው ሁልጊዜ «ይጣል» አይደለም። ጉበቱ ብቻ ከታመመ ጉበቱ ይወገዳል። እጩ ጥቂት ከሆነ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ቢያንስ 10 ቀን ቆይቶ ሊለቀቅ ይችላል። እጩ በብዛት ከተገኘ ወይም ቲቢው መላ አካሉን ካዳረሰ ግን ከብቱ በሙሉ ይወገዳል። ያለፈው ሥጋ ማህተም ይመታበታል።

እንግዲህ አንድ ተቆጣጣሪ ሥጋ ቤት ገብቶ የተንጠለጠለ ታፋና ጎድን ብቻ ሲያይ፣ ምላሱንና ሳንባውን ከየት ያምጣው? የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው በዓይኑ ብቻ «ጤነኛ ነው» ሊል አይችልም። ስለዚህ የሚጠይቀው ማህተሙንና ከቄራ የወጣበትን ደረሰኝ ነው። ማህተም ያረፈበት ብልት ተቆርጦ ሲሸጥ ማህተሙም አብሮ ስለሚሄድ፣ ደረሰኙን በእጅ ማቆየት ለባለ ሥጋ ቤቱም ይበጃል።

የሥጋ ምርመራ በኢትዮጵያ ሕግ የቆየ ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 274 ለዚሁ የተደነገገ ነበር። የምግብ ቁጥጥሩን በአጠቃላይ የሚገዛው ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ሥራው በሁለት ወገን ይሠራል፤ ቄራ ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሥጋ ቤት ላይ የምግብና ጤና ተቆጣጣሪ።

ተቆጣጣሪው ምግብ ወደሚሸጥበት ቤት ገብቶ መመርመር፣ ፎቶ ማንሳት፣ ናሙና መውሰድ፣ የተጠረጠረውን ማገድና መያዝ ይችላል። ማቀዝቀዣውን፣ መክተፊያውን፣ የሠራተኛውን ጋዋንና የጤና ምርመራ ካርድ ያያል። ሥጋ የሚቆርጠው እጅ ብር ከተቀበለ፣ ሥጋው ማህተም ቢኖረውም ባለቤቱ መጠየቁ አይቀርም። የተወገደ ሥጋም ተመልሶ ገበያ እንዳይገባ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል።

ሥልጣኑ ግን ልክ አለው። ተቆጣጣሪው ማንነቱን የሚያሳይ መታወቂያ ሊይዝ ይገባል። ባለ ሥጋ ቤቱም የተያዘበት ሥጋ መጠንና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰፍርለት መጠየቅና ለበላይ አካል አቤት ማለት ይችላል። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ተደብቆ የሚታረድ ከብት ሲጠረጠር ደግሞ፣ የሰው ቤት መፈተሽ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይፈልጋል።

ለበዓል ቤት ውስጥ የሚታረድ በግና በሬ፣ ወይም በቅርጫ የሚከፋፈል ሥጋ፣ ለሽያጭ ስላልቀረበ በዚህ መንገድ አይመረመርም። በሽታው ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። የቅርጫ ማኅበርተኞች አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከእርዱ በፊትና በኋላ ቢያስመጡ፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ተካፋይ ሲከፈል ትንሽ ነው። ባለሙያ ካልተገኘ ሥጋውን በደንብ አብስሎ መብላት ነው። ሥጋ ቤት የሚገዛም ሰው «ማህተሙን አሳየኝ» ለማለት ሊያፍር አይገባም፤ እሱ ከጠየቀ ተቆጣጣሪው በማይደርስበት ቀንም ቁጥጥሩ አይቋረጥም።